ከበሮው ዝም ባለበት ወራት

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይሰማም፤ ተክሊልም አይፈጸምም። ከፋሲካ በኋላ ለመጋባት ቀን የቆረጣችሁ ልጆቻችን ግን ወሬያችሁ ሁሉ፣ «ሙሽራዋ ስትገባ ምን ይከፈት?» ሆኗል። ልጆቼ፣ በተክሊል ቀን የሚከፈት ካሴት የለም! ጸሎቱ አለ፣ ቅዳሴው አለ፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ አለ። የምትወዱት መዝሙር ካለ አሁኑኑ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ መሪጌታውንና የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዘምራን ጠይቁ። ቅዳሴው ሲያበቃ በከበሮና በእልልታ ያጅቧችኋል። ለባንዱና ለቪዲዮ ቀራጩ ቀብድ ከፍላችሁ ይሆናል። ለሥጋ ወደሙስ ንስሐ ገብታችኋል? ሙሽሪትም ከፀጉር ቤት በጊዜ ውጪ፤ ወንጌል ከተነበበ በኋላ የደረሰ አይቆርብም።