ዕረፍት ለገረድም ታዟል

በየሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ በየሥራውም የተበተናችሁ ወንድሞቼ፣ ይህችን ወረቀት አንዳንዶቻችሁ እሑድ ከጸሎት በኋላ በእጃችሁ ትቀበላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላችሁ በጓደኛ በኩል፣ በዳቦ ፌስታል ውስጥ ታጥፋ ትደርሳችኋለች። የዛሬው መልእክት ለሁላችንም ቢሆንም በተለይ ለእናንተ ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

“ገረድ” የሚለው ቃል ያመናል። አገር ቤት እያለንም የስድብ ያህል ነበር፣ እዚህ ደግሞ በዐረብኛው ስንሰማው ኖረናል። ነገር ግን እህቶቼ፣ ይህ ቃል የት እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? በአሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ተጽፏል! ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ክፈቱ። እግዚአብሔር ስለ ዕረፍት ቀን ሲያዝ የቤቱን ጌታ ብቻ ተናግሮ አላለፈም። ልጆቹን ጠራ፣ ሎሌውን ጠራ፣ ገረዲቱን ጠራ፣ በሬውንና አህያውን እንኳ ቆጠረ፣ በደጁ ያለውንም መጻተኛ አልረሳም። ምክንያቱንም ሲናገር ሎሌውና ገረዲቱ ልክ እንደ ጌታው እንዲያርፉ ነው አለ። ከዚያም እስራኤልን፣ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ብሎ አሳሰበው።

እንግዲህ አስተውሉ። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ እኛ ሁለት ጊዜ ተጠርተናል፤ አንድ ጊዜ በገረድነታችን፣ አንድ ጊዜ በመጻተኛነታችን። ስለዚህ ዕረፍት የማዳም ችሮታ አይደለም። ደስ ሲላት የምትሰጠን፣ ስታኮርፍ የምትነሳን ጉርሻ አይደለም። ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ በስማችን ያስቀመጠልን ድርሻ ነው።

ይህ ነገር በዓይኔ ጎልቶ የታየኝ በዝግባ ደን ውስጥ ነው። በ2018 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ እሑድ ዕለት፣ ከኅብረታችን አሥራ አራት ሆነን ቫን ተከራየንና ከቤይሩት ወደ ሹፍ ተራራ ወጣን። መዓስር አል ሹፍ ከሚባለው መንደር በላይ ጥብቅ የዝግባ ደን አለ። መንገዱ ለእግር ቀላል ነው፤ ጉልበቷን የሚያማት እህታችን እንኳ ቀስ እያለች ሄዳዋለች። ምንም የተለየ ነገር አላደረግንም። ተራመድን፣ ጸለይን፣ ከቤት ያመጣነውን ዳቦና እንቁላል በላን፣ ደግሞ ተራመድን፤ በቃ ይኸው ነው።

ግን አንዲት እህት በመንገዱ መካከል ቆም አለችና፣ “እጄን የት ላድርገው?” አለችን። ሳቅን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አልን። እውነቷን እኮ ነው። እኛ በዚህ አገር እጃችን ባዶ ሆኖ መቼ ተራምደን እናውቃለን? ወይ የሕፃን ጋሪ እንገፋለን፣ ወይ የአሮጊቷን ተሽከርካሪ ወንበር፣ ወይ የገበያ ዕቃ እንሸከማለን፣ ወይ የውሻ ገመድ ይዘናል። የምንሄደውም ከማዳም ኋላ ሁለት እርምጃ ቀርተን ነው። እዚያ ግን ማንም አልላከንም፣ ማንም ስማችንን አልጠራም፤ ጎን ለጎን ሆነን ሄድን። ዕረፍት ማለት መተኛት ብቻ አይደለም። ያለ ላኪ በገዛ እግር መራመድም ዕረፍት ነው።

አሁን ስለ ዛፉ ልንገራችሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችን “የሊባኖስ ዝግባ” የሚለው ዛፍ ከአገራችን ዝግባ ጋር ስሙ እንጂ ዘሩ አንድ አይደለም። ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው፤ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ተዘርግቶ እንደ ጥላ ደረጃ በደረጃ ይነጠፋል። ዐረቦቹ አርዝ ይሉታል፣ ከ1943 ጀምሮ በሊባኖስ ባንዲራ ላይ ያለው እሱ ነው። (እዚህ ላይ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እድገቱ በጣም ዝግ ያለ ነው። ዘር የያዘ ፍሬ ለማፍራት አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲደርስም እንዳለ አይወድቅም፣ እዚያው ሆኖ ቅርፊቱ እየተፈረካከሰ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል።

ይህን ዛፍ ሁሉም ፈልጎታል። የግብፅ ነገሥታት ለመርከብ በባሕር አስጫኑት። ሰሎሞን ለቤተ መቅደስ አስቆረጠው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን የእኔ ነው ብሎ በተራራው ድንጋዮች ላይ አስቀረጸ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚህ አገር ደን እየተቆረጠ ለባቡር ማገዶ ሆነ። ቡቃያውንም ፍየል ይበላው ነበር። ብሸሪ በሚባለው ቦታ ላለው ደን በ1876 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በገንዘቧ የድንጋይ አጥር ያሳጠረችለት ለዚህ ነው። የሹፉ ደን ደግሞ በ1996 በሕግ ተጠበቀ። ዛሬ ከትልልቆቹ ሥር ጉልበት የማይደርሱ ቡቃያዎች ይታያሉ። ዛፉን ያዳነው አንዱ ትልቅ ነገር ምንድን ነው? መተው ነው! ከመጥረቢያና ከፍየል ጥርስ ማረፍ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 25 እግዚአብሔር ለመሬት እንኳ በሰባተኛው ዓመት ዕረፍት ያዘዘው ለካ በከንቱ አይደለም።

አንዳንዷ፣ “ለዛፍ ሕግ ወጣለት፣ ለእኔስ?” ትል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1946 የወጣው የዚህ አገር የሥራ ሕግ በሰው ቤት የምንሠራውን ከሕጉ ውጪ አድርጎናል። ሆኖም በ2009 በወጣው የቤት ሠራተኛ የሥራ ውል ላይ በሳምንት ሳይቋረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት ተጽፏል። እንዴት እንደምናሳልፈው ግን ከአሠሪ ጋር በስምምነት ነው ይላል፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ዛሬም ስንቶቻችን በሩ ተቆልፎብን እንውላለን! እንግዲህ የሰው ሕግ ጎደሎ ቢሆን የእግዚአብሔር ትእዛዝ ጎደሎ አይደለም። በትሕትና ስንጠይቅ የራሳችንን ነው የምንጠይቀው፤ አንገታችንን ደፍተን እንደ ለማኝ ልንሆን አይገባም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን ስታነቡ፣ ሰሎሞን ዝግባ እንዲቆርጡ ሠላሳ ሺህ ሰው መልምሎ በየወሩ አሥር አሥር ሺህ እያፈራረቀ ወደ ሊባኖስ እንደላከ ታገኛላችሁ። ለአንድ ወር በሊባኖስ ይሠራሉ፣ ለሁለት ወር ደግሞ በቤታቸው ይቀመጣሉ። ሰምታችኋል? ወደዚሁ ወደ ሊባኖስ ለሥራ የተላኩ፣ ያውም በግዳጅ የተመለመሉ ሰዎች፣ ከሦስት ወር ሁለቱን ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ! ሥራቸው የእግዚአብሔር ቤት ነበር፤ የእግዚአብሔር ቤት ሥራ እንኳ ሰውን ከቤቱ ጨርሶ አልነጠቀም። ያም ሆኖ ቀንበሩ ከብዶናል ብለው ሕዝቡ ለሰሎሞን ልጅ አቤት እንዳሉ በምዕራፍ 12 ተጽፏል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ “ደከመኝ” ስትዪ እምነት የጎደለሽ አይምሰልሽ። አምስት ዓመትና ሰባት ዓመት ልጇን ያላየች እናት ብትደክም ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ልናገር። የዝግባ ዘር ከመብቀሉ በፊት የክረምት ብርድና በረዶ ይጠቅመዋል። ይህን ሰምቶ፣ “ስለዚህ ማዳም ስትመታሽ፣ ደመወዝሽን ስትይዝብሽ፣ እግዚአብሔር እያበቀለሽ ነው፤ ዝም በዪ” የሚል ሰባኪ አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ አልልም! በረዶን እግዚአብሔር ፈጠረው፤ ግፍን ግን ሰው ነው የፈጠረው። እግዚአብሔር በግብፅ የነበሩትን ጩኸታቸውን ሰምቶ አወጣቸው እንጂ ጡቡ ይጠቅማችኋል አላላቸውም። የሚመቷት እህት ለሰው ትናገር፣ አትደብቅ፤ ከእኛም ማንም ዝም በዪ አይበላት።

በዚያ ቀን ከዛፎቹ በላይ ወደ ተራራው ጫፍ ስንደርስ ትልልቅ ወፎች በሰማይ ሲዞሩ አየን። እውነት ለመናገር ከ2024ቱ ጦርነት ወዲህ ብዙዎቻችን ቀና ብለን ሰማይ የምናየው ድሮን ስንሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ወፍ አየን። የደኑ ጠባቂ በዐረብኛ፣ “ላቅላቅ” አለን፤ ሽመላ ማለቱ ነው። ሽመላ በበጋ በአውሮፓ ትፈለፍላለች፣ ብርዱ ሳይመጣ በዚህ በሊባኖስ ሰማይ አልፋ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። በስምጥ ሸለቆው በኩል ወደ እኛም አገር የምትደርስ አለች። መዝሙር 104 ስለ ሊባኖስ ዝግባ ተናግሮ ወዲያው ስለ ሽመላ ቤት ይናገራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያየን እኛ ምንኛ ተባረክን!

ያቺ ወፍ እንደ እኛ ስደተኛ ናት፤ ለእንጀራዋ ነው የምትሄደው። ግን እንዴት እንደምትሄድ ተመልከቱ። ያን ሁሉ አገር ክንፏን እያራገበች አትጨርሰውም፣ ብታደርገው በመንገድ ትሞታለች። ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ላይ ክንፏን ዘርግታ ትንሳፈፋለች፣ ሲመሽም ወርዳ ታርፋለች። ማረፏ ከመንገዷ አያስቀራትም፤ ለመድረስ የምታርፈው ነው።

ይህን የምለው በእሑዷ ላይ ሌላ ቤት ለሚያጸዱ እህቶቻችን ነው። አልፈርድባችሁም። የእናት መድኃኒት አለ፣ የወንድም ትምህርት አለ፣ የተጀመረ ቤት አለ። “ለቫን የምከፍለውን ብልክ አይሻልም?” ያለችኝ እህት ገንዘቡን ለራሷ ልታስቀር አልነበረም። ነገር ግን እህቴ፣ ቤተሰብ በአንቺ ላይ ከተደገፈ አንቺ ምን ላይ ትደገፊያለሽ? ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሰው ከመብዛቱ የተነሳ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ መጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው፤ ማርቆስ 6 ላይ ነው። ቆማ የምትበላ እህት ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ያገለገሉት ሥራ የጌታ ሥራ ነበር፣ ግን እረፉ አላቸው። በየሳምንቱ ባይሆንልሽ በወር አንዷን እሑድ ለጌታና ለሰውነትሽ ስጪያት። አገር ቤት የሚጠብቁሽ ገንዘብሽን ብቻ ሳይሆን አንቺንም በጤና ይፈልጉሻል።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር። ብቻችሁን አትሂዱ፤ በኅብረት ሂዱ። ተራራው ከባሕር ዳር ይልቅ ይበርዳልና ሹራብ ያዙ፣ በነጠላ ጫማ አትውጡ። በክረምት በረዶ ስለሚይዘው ከጸደይ እስከ መኸር ያለው ጊዜ ይሻላል። በመግቢያው ላይ ክፍያ አለ፤ ቫኑንና እሱን ለአሥራ አራት ስንካፈለው ቀለለን። ቅርንጫፍ አትቁረጡ፣ ፍሬም አታንሱ። ኢቃማ የሌላት እህት ግን በመንገድ ሐጂዝ አለና ራሷን ለአደጋ አታጋልጥ። ለእሷ ስንል አንዳንድ እሑድ ቅርብ ቦታ፣ ኮርኒሽ ላይ፣ አብረን እንራመድ። ዝግባ ባይኖርም ባሕሩን የፈጠረው ያው ጌታ ነው።

ከቤት ለማትወጡት ደግሞ ይህን እላለሁ። በሩ ቢቆለፍም ትእዛዙ በእናንተ ላይ አልተቆለፈም። በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጡ ለአምስት ደቂቃ እጃችሁን ባዶ አድርጉና ሰማዩን ተመልከቱ፤ ያቺ አምስት ደቂቃ የጌታ ናት፣ የእናንተም ናት። እኛ ውጪ ያለነው ግን በዚህ ብቻ አጽናንተናቸው ልንቀመጥ አይገባንም። ዕረፍት ያገኘች ሁሉ ዕረፍት ያላገኘች አንዲት እህት በስም ትያዝ። ትደውልላት፣ ፎቶውን ትላክላት፣ ማዳሟን ለማነጋገር የሚቻል ከሆነም ሄዳ በአክብሮት ትለምንላት፤ ጉዳት ካለም ለሚረዱ ሰዎች ታሳውቅላት። ትእዛዙ “አንተ እረፍ” ብሎ አላቆመም፤ በደጅህ ያለችውም ትረፍ ነው የሚለው። አሁን በደጃችን ያለችው እሷ ናት።

የሽመላን መንገድ የሚያውቅ አምላክ የእናንተንም መንገድ ይወቅላችሁ። ለደከመው ክንፋችሁ ማረፊያ ይስጣችሁ፤ በጤና፣ በደመወዛችሁ፣ በክብራችሁም ለቤታችሁ ያብቃችሁ። አሜን።

እህታችሁ፣ ከቤይሩት