አሥራ ሁለቱ ዳኞች

ሰሞኑን ሁለት ልብ ወለዶች በላይ በላዩ አነበብኩ። አንደኛው የወንጀል ነው፤ ሁለተኛው የወንጀልም የሳይንስም። ሁለቱም ትኩስ አይደሉም፤ አንዳንዶቻችሁ በወጣትነታችሁ አንብባችኋቸው ይሆናል። መቼም የወንጀል ልብ ወለድን መጨረሻ ላላነበበ ሰው መናገር ነውር ነው። ዛሬ ግን መጨረሻውን ካልተናገርኩ የምለው ነገር የለኝም። ገና አነባቸዋለሁ የሚል ካለ፣ ይህን ገጽ ይለፈው።

በማስተምርበት ዘመን እንዲህ ዓይነት መጻሕፍት «የጊዜ ማሳለፊያ» ተብለው ከበር ይመለሱ ነበር። ተማሪው ግን ትራሱ ሥር ነበር የሚያስቀምጣቸው። ተማሪ ትራሱ ሥር የሚያስቀምጠውን መጽሐፍ መናቅ ደግ አይደለም፤ ስለ ጥሩና መጥፎ ያለውን ሐሳብ የሚቀዳው ከዚያ ነውና።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው የአጋታ ክሪስቲ «በኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ የተፈጸመው ግድያ» ነው። ባቡሩ ዩጎዝላቪያ ውስጥ በረዶ ይዞት ይቆማል። ሲነጋ ራቼት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም አሥራ ሁለት ቦታ በጩቤ ተወግቶ ሞቶ ይገኛል። እዚያው ባቡር ላይ የነበረው መርማሪ ፖይሮ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ይጠይቃል። የሟቹ እውነተኛ ስም ካሴቲ ነው ለካ! ዴይዚ የምትባል ሕፃን አፍኖ የገደለ፣ በገንዘቡ ኃይል ከፍርድ ያመለጠ ወንበዴ። ገዳዩስ? ሁሉም! የሕፃኗ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የቤቱ ሠራተኛ አሥራ ሁለት ሆነው መክረው፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሕዝብ ተመርጠው በሚቀመጡት ዳኞች ቁጥር ልክ፣ በየተራ ወጉት። ፖይሮ እውነቱን ደረሰበት፤ ግን ለፖሊስ ሌላ ታሪክ እንዲነገር ሆነና ሁሉም በነጻ ሄዱ።

አንባቢው እዚህ ላይ ደስ ይለዋል። ደስ ካላለው ልቡ ድንጋይ ነው። እኔ የምጠይቀው ይኼ ደስታ ከየት መጣ ብዬ ነው።

ክሪስቲ ሁለት ነገር አድርጋብናለች። አንደኛ፣ ለሟቹ የሚያዝን ሰው አላስቀረችም፤ ፖይሮ እንኳ ሰውየው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ጠብቀኝ ሲለው፣ ፊቱን ስላልወደደው ብቻ እምቢ ብሎታል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ጥርጣሬን ማጥፋቷ ነው። ካሴቲ ሕፃኗን ገድሏል፤ አለቀ። «ምናልባት ሌላ ሰው ቢሆንስ?» የሚል አንባቢ የለም። በልብ ወለድ ውስጥ የደራሲው ቃል የእግዜር ቃል ነው። ታዲያ ከመጽሐፉ ውጭ እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ማን ይሰጠናል?

ክሪስቲ ታሪኩን የቀዳችው ከእውነተኛ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1932 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን የተሻገረው የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ከአልጋው ተሰረቀ፤ በኋላም ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ከሚጠረጥራቸው አንዷ በሚስትየዋ ወላጆች ቤት የምትሠራ ወጣት ነበረች። ደጋግመው መረመሯት። እንደገና ሊጠይቋት ሲሉ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ኋላ ሲጣራ ከወንጀሉ የለችበትም።

ክሪስቲ ይህችን ልጅ አልረሳቻትም። በልብ ወለዱ ውስጥ የሕፃኗ ሞግዚት ትጠረጠርና በመስኮት ተወርውራ ትሞታለች፤ ንጹሕነቷ የሚታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ገዳዮች አንዱ፣ የባቡሩ ሠራተኛ፣ የዚህች ልጅ አባት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። አባትየው ጩቤውን ካሴቲ ላይ ሰነዘረ። ልጁን መስኮቱ ድረስ የገፋት ግን «አንቺ ነሽ፣ ሌላ ማን ይሆናል!» ያሉት ሰዎች እርግጠኝነት ነው። እሱም በተራው በሌላ እርግጠኝነት ጩቤ አነሳ። ክሪስቲ ይህን ክር እጇ ላይ አድርጋ አልጎተተችውም። ብትጎትተው ያ አስደሳች መጨረሻ ሁሉ ይተረተር ነበር።

የፊሊፕ ኬ. ዲክን እ.ኤ.አ. በ1956 የታተመ አጭር ልብ ወለድም እዚህ ላይ ላንሳው። እዚያ ፖሊስ ሰውን የሚይዘው ወንጀሉን ከመሥራቱ በፊት ነው፤ መጪውን የሚያዩ ሦስት ፍጡራን አሉ፣ እነሱ ያጉተመትማሉ፣ ፖሊስ ይይዛል። ሦስቱ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም፤ የሁለቱ ቃል ይጸናል፣ የሦስተኛው ወደ ጎን ይባላል። «ወደፊት ይሆናል» የተባለውን ሁሉ ሳነብ የታወሰኝ ሌባ ሻይ ነው። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። የኛው ልጅ አንድ ነበር፤ የሚቃረነው ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ እንኳ አልነበረውም!

በሌላ በኩል አውጫጭኝ ነበረን። ወንጀለኛው እስኪወጣ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ እህሉ ይታጨድ፣ ከብቱ ይታለብ፣ ማን ሰምቶት! ፖይሮ ተሳፋሪውን ሰብስቦ ሲያፋጥጥ ያው አውጫጭኝ መሰለኝ። የኛ ተሰብሳቢ ግን ሥራው ማውጣት ነበር፤ ወንጀለኛው ሲወጣ ለዳኛ ይሰጣል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የአይዛክ አሲሞቭ «የብረት ዋሻዎች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ታተመ። ዘመኑ እጅግ ሩቅ ነው። ኒውዮርክ ከነሕዝቧ በአንድ ጣሪያ ሥር ተከድናለች፤ ፀሐይና ነፋስ የሚያስፈሩት ሕዝብ ከእርሾ የተሠራ ምግብ ይበላል። ከሌሎች ፕላኔቶች ከመጡት አንድ ሳይንቲስት ይገደላል። ለምርመራው የሚመደቡት የከተማው ፖሊስ ቤይሊና ሰው የሚመስል ዳኒል የሚባል ሮቦት ናቸው። የፖሊሱ ስም የነቢዩ የኤልያስ ነው፤ የሚስቱ ስም ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤልዛቤል! በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ሰዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ከሁሉም ያዘንኩላት ለሚስትየዋ ነው፤ ደራሲው ከማልቀስና ከመፍራት በቀር ብዙ ሥራ አልሰጣትም። ግን ሐሳብ አለው።

መጀመሪያ ላይ አንድ ጫማ መሸጫ ውስጥ ሕዝብ ሮቦት አያስተናግደንም ብሎ ሊበጠብጥ ይነሳል። ዳኒል መሣሪያውን መዝዞ «እተኩሳለሁ» ሲል ሕዝቡ ይበተናል። ሮቦት ሰውን መጉዳት እንደማይችል የምናውቀው እኛ ነን፤ ሕዝቡማ ሮቦት መሆኑን መች አወቀ! ኋላ ቤይሊ «ፍትሕ ማለት ምንድነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሕግ ሁሉ ሲፈጸም ነው ይለዋል። ፍትሕ የጎደለው ሕግ የሚባል ነገርም አይገባውም። በሕይወቴ እንዲህ የሚመልሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሮቦት ግን አልነበሩም። ቤይሊ ታዲያ ስታመነዝር ተይዛ ልትወገር የቀረበችውን የወንጌሏን ሴት ታሪክ ይነግረዋል። ሮቦቱ ሰምቶ ዝም።

ቤይሊ ገዳዩን ለማግኘት ሲጥር ሁለት ጊዜ በሙሉ ልብ ተነስቶ ጣቱን ይቀስራል። ሁለቱንም ጊዜ የቀሰረው እዚያው በፊቱ በቆመው በባልደረባው በዳኒል ላይ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ማስረጃው የተሟላ ይመስላል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቷል። በሦስተኛው እውነቱ ሲወጣ ገዳዩ የገዛ አለቃው፣ የድሮ ወዳጁ ነው። ሮቦቱን አጠፋለሁ ብሎ መነጽሩ ሲሰበርበት ሰውየውን በስህተት ገደለ። ሮቦቱም፣ ያ ሕግ ሕግ ሲል የነበረው፣ ክፉን ከማጥፋት ወደ ደግ መመለስ ይሻላል ብሎ ጌታ ለሴትዮዋ የተናገረውን የስንብት ቃል ለገዳዩ ይደግምለታል።

ይህ ምሕረት ሙሉ በሙሉ አያረካኝም፤ ከጀርባው የፖለቲካ ስምምነት አለበት፣ ሰውየው የሚለቀቀው ስለሚጠቅም ጭምር ነው። ቢሆንም ከባቡሩ መጨረሻ ይልቅ ይኼኛውን አምነዋለሁ። የቤይሊ እጅ ላይ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጊዜ ጩቤ ቢኖር ኖሮ ሦስተኛ ጊዜ አይኖርም ነበር።

መርካቶ ውስጥ «ሌባ! ሌባ! ያዘው!» ሲባል የሚሮጠው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። አብዛኛው የራሱ ኪስ አንድ ቀን የተዳበሰበት ምስኪን ነው፤ ፍርድ ቤት ቢሄድ ምን እንደሚገጥመውም ያውቃል። ስለዚህ ካሴቲን ያገኘ ይመስለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ ይቆጠራል ይላል፤ የሚሮጠው ሰው ግን ለዚህ ጊዜ የለውም። ሩጫው ውስጥ ያልገባውም ከሱቁ በር ቆሞ «ዋጋውን አገኘ» ይላል፤ እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ደስ እንዳለኝ።

ክሪስቲ አንድ ነገር በትክክል አይታለች። አሥራ ሁለቱ የወጉት በጨለማ ነው፤ የገደለው የማንኛቸው ውጋት እንደሆነ እነሱም አያውቁም። መንገድ ላይ የተወገረ ሰው አስከሬን ከተነሳ በኋላ እዚያ የነበሩትን አንድ በአንድ ብትጠይቁ፣ አንዱ «እኔ በጥፊ ብቻ ነው» ይላችኋል፤ ሌላው «እኔ ስደርስ ወድቆ ነበር» ይላል፤ ሦስተኛው ጠልፎ የጣለው መሆኑን ይናገርና፣ «ከዚያ በኋላ ግን አልነካሁትም» ብሎ ይምላል።