ያነሳ ያድርስ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ራጉኤልን ተሳልሜ ወደ አንዋር መስጊድ በኩል ሳዘግም፣ አንድ ወጣት ተሸካሚ ከቁመቱ የሚበልጥ ጥቅል ጨርቅ ተሸክሞ መጣ። ወገቡ ጎብጧል፤ ላቡ ባገጩ ይንጠባጠባል፤ ፊቱ ላይ ግን አንዳች ግርማ አለ። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁት።

አየኝ። ሸክሙን ግድግዳ አስደግፎ፣ «ጋሼ፣ እኔ ዕቃ ሳነሳ የት እንደማደርሰው አውቃለሁ። እርስዎ እኔን አንስተው የት ሊያደርሱኝ ነው?» አለኝ።

«ኧረ ለክፋት አይደለም» ብዬ ተንተባተብኩ። ሳቅ ብሎ ሄደ። ጥያቄው ግን እኔ ትከሻ ላይ ቀረ።

«ሰው ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ» የሚል ምክር አለ። ጥሩ ምክር ነው። ግን ሲያስፈቅዱት ሰው ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ያየነው ፊት ይጠፋል። ደግሞስ በረሃብ የወደቀን ሰው ማን ያስፈቅዳል?

ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የተራበውን ወገናችንን በካሜራው አነሳ። ምስሉ በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ዞረ፤ እህልና መድኃኒትም አመጣ። ሰውየው ለሙያው ብዙ ከፍሏል፤ በ1983 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ ክንድ ሥራውን ቀጥሏል። ያነሳውን አላደረሰም የሚል ካለ ይፈርዳል። ያም ሆኖ ያው ምስል ስማችንን ከረሃብ ጋር አስሮት ቀረ። አንድ ሸክም ሁለት ቦታ ደረሰ ማለት ነው።

ከራጉኤል ሳይርቅ ደግሞ ሰባተኛ አለ። የአዲስ አበባው ልጅ ሚካኤል ፀጋዬ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ካሜራ ያዘ። የሰባተኛን ሴተኛ አዳሪዎች ያነሳው እሱ፣ በሌላ ሥራው መቃብር ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን ፎቶግራፎች መልሶ አንስቷል። እነዚያን ፎቶዎች ቤተሰብ ነው መቃብሩ ላይ ያኖራቸው፤ ባለቤታቸው ዘንድ ደርሰዋል። ባለቤት ያለው ፎቶ እንኳ እንዲህ ከደበዘዘ፣ በየስልካችን ያጨቅነው የማናውቀው ሰው ፊትማ ምን ይሆናል?

የልጁን ፎቶ ላጠፋው አሰብኩ። ግን ሸክምን መንገድ ላይ ጥሎ እንደመሄድ መሰለኝ። ስለዚህ አሳጥቤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤለት ሄድኩ። የለም። ጓደኛው ፎቶውን አይቶ፣ «እሱ ነው! ይስጡኝ፣ አደርስለታለሁ» አለኝ። ሂሳብ እንኳ አልጠየቀኝም።

አልሰጠሁትም። ያነሳሁት እኔ ነኛ! ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ እንደገና እሄዳለሁ። እናንተስ፣ ያነሳችሁትን የት አደረሳችሁት?