ያልተጻፈ ሁሉ ያልነበረ ነውን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የጽሕፈትን ኃይል ያወድሳል። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ የፍትሕ ጥያቄ አዝሏል። ወደ መጽሐፍ የሚገባውንና በቃል ቀርቶ የሚረሳውን የሚለየው ማን ነው? በምንስ ሚዛን? ይህ የቆየ ጥያቄ ዛሬ በኢንተርኔት በሚዘጋጁት መዝገበ ዕውቀቶች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች በሚጻፈው በዊኪፔዲያ ውስጥ በየዕለቱ ይነሣል። አንድ ሰው ወይም አንድ ሥራ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይገባዋልን? እየተባለ ክርክር ይካሄዳል፤ ውሳኔም ይሰጣል።

በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የሚሠራበት አጠቃላይ መመዘኛ ሲታይ ቀላል ነው። ስለ ጉዳዩ ከባለጉዳዩ ነፃ የሆኑና እምነት የሚጣልባቸው ምንጮች በቂ ሐተታ ጽፈው መገኘት አለባቸው። ባለጉዳዩ ስለ ራሱ የተናገረው ለዚህ አይቆጠርለትም፤ ስሙን ብቻ አንሥቶ የሚያልፍ አንድ መስመርም አይበቃም። መጣጥፉን የሚያዘጋጀው ሰውም ራሱ መርምሮ የደረሰበትን፣ ነገር ግን በሌላ ሥፍራ ያልታተመውን ግኝት እንዲያሰፍር አይፈቀድለትም።

ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣም። ሚዛኑ ቢነሣ ነጋዴው ሸቀጡን፣ ባለሥልጣኑም ራሱን የሚያሞግስበት አደባባይ በተከፈተ ነበር። የመዝገቡ ጸሐፊዎች እውነተኛ ስማቸውን ሳይገልጹ ሊጽፉ ስለሚችሉ አንባቢ የሚተማመነው በጸሐፊው ማንነት ሳይሆን በተጠቀሰው ምስክር ነው። ምስክር በሌለበት ውዳሴም ሆነ ስም ማጥፋት እኩል ሥልጣን ያገኛል።

ነገር ግን እውነትን ለመጠበቅ የቆመው ሚዛን ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ ለዚህ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ከመምህሯ ከዤራር ሙሩ ጋር ሆና እጅግ ብርቱና አጭር የሌዘር ብርሃን የሚገኝበትን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2018 ስለ እርሷ የተዘጋጀ ረቂቅ መጣጥፍ ለዊኪፔዲያ ቀርቦ ነበር፤ የተጠቀሱት ምንጮች ለመመዝገብ የምትበቃ መሆኗን አያሳዩም ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን የኖቤል ሽልማት አሸናፊነቷ ተነገረ። በፊዚክስ ይህን ሽልማት ካገኙት ሴቶች ሦስተኛዋ መሆኗ ነው። መጣጥፉም በዕለቱ ተከፈተ። የሽልማቱ ተካፋይ ስለሆነው ስለ ሙሩ ግን ከዓመታት በፊት ተጽፎ ነበር።

እንግዲህ በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ የተለወጠው ምን ነበር? የሴትዮዋ ሥራ አልተለወጠም፤ ከ33 ዓመት በፊት የተከናወነ ነውና። የተለወጠው ስለ እርሷ የሚጽፉት ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሚዛኑ የሚመዝነው የሰውን ታላቅነት ሳይሆን ስለ ሰውየው የተሰበሰበውን የጽሑፍ ምስክርነት ነው። የምስክርነቱ ማነስ ደግሞ የሥራውን ማነስ አያመለክትም። ብዕርና ማተሚያ ቤት በእጃቸው የነበረ ወገኖች ማንን ለማየት እንደፈለጉ፣ ማንንም እንዳላዩ የሚያመለክት ነው። «ምንጭ አልተገኘም» እና «ዋጋ የለውም» የሚሉት ሁለት አባባሎች እንደ አንድ ሲቆጠሩ ግድፈቱ ከሥነ ጽሑፍ አልፎ የሞራል ግድፈት ይሆናል።

በዚህ ረገድ የጥንቱ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ሌላ መንገድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1751 እስከ 1772 በ17 የጽሑፍና በ11 የሥዕል ጥራዞች የወጣው ይህ ሥራ የእጅ ጥበብን ከፍልስፍናና ከሥነ መለኮት ጎን አሰልፎታል። ዋናው አዘጋጅ ዴኒ ዲድሮ የቢላ ሠሪ ልጅ ነበር። ስለ ሙያዎቹ የተጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ወደ ሠራተኞቹ መሄድ፣ እነርሱን መጠየቅና ቃላቸውን መመዝገብ እንዳስፈለገ ራሱ ገልጿል። ስለ ካልሲ መሥሪያው መኪና የተጻፈው ረጅም ሐተታ የእርሱ ነው። ለዲድሮ የምንጭ አለመኖር የሥራው መነሻ እንጂ ጉዳዩን መዝጊያ አልነበረም።

ታዲያ የዛሬው መዝገብም ሕጉን ጥሎ እንዲሁ ያድርግ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ዲድሮ ስለ ሥራው የሚጠየቅ አዘጋጅ ነበር፤ ስሙን ያልገለጸ ጸሐፊ ግን «ከሽማግሌ ሰማሁ» ቢል ቃሉን የሚያጣራለት አይኖርም። ይህ ማለት ግን ግዴታው ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ባለዕዳው ሌላ ሆኗል እንጂ። መዝገቡ ምስክር የሚጠይቅ ከሆነ ምስክርነቱን አስቀድሞ በስሙና በኃላፊነቱ ማቅረብ የሚገባው የትምህርትና የኪነ ጥበብ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ የሊቃውንት ታሪክ ለዚህ አርአያ አላጣም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይጨርሱ አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀብለው ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሳይታተም አረፉ። በ1948 ዓ.ም. መጽሐፉን ለኅትመት ያበቁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ተከታዮቹ አደራውን ባይጠብቁ ኖሮ የመጀመሪያው መምህር ድካም ከእርሳቸው ጋር በተቀበረ፣ ዛሬም «ምንጭ የለውም» በተባለ ነበር።

ዛሬም ጥለት የሚያወጣው ሸማኔ፣ ዜማ የሚያወርሰው አዝማሪ፣ በቃሉ ቅኔ የሚነግረው መምህር በየሥፍራው አሉ። ስለ ብዙዎቹ አንድ ገጽ እንኳ አልታተመም። ማን እንደሆኑ፣ ከማን እንደተማሩ፣ ምን እንደሠሩ ከራሳቸውና ከሚያውቋቸው ጠይቆ፣ አመሳክሮ፣ ቀኑንና ሥፍራውን ጠቅሶ ማሳተም የመምህሩና የባህል ሠራተኛው ድርሻ ነው። መዝገቡ በሩን ዘጋ ብሎ ማማረር የሚያምርበት ይህን ድርሻውን የተወጣ ሰው ነው። መዝገቡ ነገም ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ባለሙያው ግን ዕድሜው እስኪፈቅድለት ብቻ ነው።