ልብን ስለ መሰብሰብ

ለሰው ከተሰጡት ሀብቶች አንዱና ታላቁ፥ ልብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ልቡ የተበተነ ሰው ዐይን ሳለው አያይም፤ ጆሮ ሳለው አይሰማም።

በደቡብ ጎንደር በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በዚያ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ዜማውን ብዙ ዓመት ይማራል። ዛሬ ግን ዜማው ተቀርጾ በእጅ ስልክ ይገኛል። ይህ በሩቅ ላለ ሰው መልካም ነው። ነገር ግን ስልኩ ያዘው ማለት ልባችን ያዘው ማለት አይደለም፤ ዜማው ሳይፈጸም ሌላ መልእክት ይጠራናል፥ ጣታችንም ይቸኩላል።

በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ትምህርት ከብዶት በሸሸ ጊዜ፥ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ እየወደቀ ደጋግሞ የሚወጣውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ ይላሉ አባቶች። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ጸጥተኛ ሰዓት ፈርተን በስልክ እንሞላዋለን፤ ትሉም ሳናየው ያልፋል።

ስልክ መሣሪያ ነውና ይጣል አንልም። ነገር ግን መምህር ሲያስተምር፥ እናት ስታጫውት፥ ጸሎት ሲደረስ እናስቀምጠው። ልባችንን የሰጠነው ነገር ገዢያችን ይሆናልና፥ ለማን እንደምንሰጠው እናስተውል።