የቆሰለን ባልንጀራ ትቶ አለመሄድ



ወታደር አጥብቆ ከሚጠብቃቸው ያልተጻፉ ሕጎች አንዱ የቆሰለውን ባልንጀራ፣ የወደቀውንም አስከሬን ሜዳ ላይ ትቶ አለመመለስ ነው። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በኮሪያ ጦርነት የተሰለፉት የቃኘው ሻለቆች 121 ጓዶቻቸው ሞተውባቸዋል፤ 536 ቆስለውባቸዋል። ሆኖም አንድም ሰው ሳይማረክባቸው መመለሳቸው እስከ ዛሬ በኩራት ይነገርላቸዋል። ይህን ስም ያተረፈላቸው አንዱ ለሌላው ሲል ነፍሱን ለአደጋ ማጋለጡ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንወድደው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ ይህ ግዴታ የሚያበቃው መቼ ነው? ወታደሩ መሣሪያውን ሲያስረክብ፣ የደንብ ልብሱንም አውልቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ያበቃልን?

ያበቃል የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ቃል ኪዳኑ የጦር ሜዳ ነው፤ ሰላም ከወረደ በኋላ እያንዳንዱ የየራሱን ኑሮ ይመራል ይላሉ። ይሁን እንጂ ተኩስ ከቆመ በኋላ የሚያመረቅዝ ቁስል መኖሩን ይህ አስተያየት ይዘነጋል። ሌሊት በላብ ተጠምቆ የሚባንን፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀርቦ ሳለ ልቡ ከምሽግ የማይወጣ ሰው ቁስለኛ ነው። ደሙ ስላልታየ ብቻ ደኅና ነው ልንለው አንችልም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሰዋል። እነርሱን ለማቋቋም የተመሠረተው ኮሚሽን ስንቅ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ለገበሬውም ዘርና በሬ እንዲደርስ ጥሯል። ከዚያም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተከትሏል፤ ለዚህኛውም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሟል። ከእያንዳንዱ ጦርነት በየወገኑ ተሰልፈው የነበሩ ብዙዎች ወደየቤታቸው ገብተዋል። ዘርና በሬ ይቆጠራል፣ ይሰፈራል፤ የመንፈስ ሰላም ግን በስፍር የሚታደል አይደለም።

መከራውን የሚያብሰው ዝምታ ነው። «የወንድ ልጅ እንባው በሆዱ» እየተባለ ያደገ ሰው መጨነቁን ቢናገር ጀግንነቱ የሚገፈፍ ይመስለዋል። ደግሞም የሚያሠቃየው ፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል። «እርሱ ሞቶ እኔ ለምን ተረፍሁ?» «ያን ዕለት ያደረግሁት ትክክል ነበርን?» የሚል የኅሊና ወቀሳም ይኖራል። ለብዙ ዓመታት የቬትናም ዘማቾችን ያከመው አሜሪካዊው ሐኪም ጆናታን ሼይ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ በተለይ የመረመረው ይህንኑ የኅሊና ጉዳት ነበር።

እነዚሁ ዘማቾች ለጥያቄያችን መልስ የሚሆን አርአያ ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ ከተማ ጥቂቶቹ እየተሰበሰቡ ያዩትንና ያደረጉትን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ጀመር። ሮበርት ሊፍተንና ኻይም ሻታን የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞችም ተጋብዘው አብረዋቸው ተቀመጡ። በ1979 የአገሪቱ ምክር ቤት ዘማቾች በየሰፈራቸው ምክር የሚያገኙባቸውን ማእከሎች ፈቀደ፤ በ1980 ደግሞ ሕመሙ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ስም አግኝቶ ተጻፈ። እንግዲህ ሕክምናው ለሕመሙ ስም ከማውጣቱ በፊት ቁስለኞቹ ራሳቸው ተፈላልገው ተገናኝተው ነበር።

ይሁን እንጂ «ቁስለኛ ቁስለኛን እንዴት ይሸከማል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጠጥ ቤት ተሰብስቦ ኀዘንን በመጠጥ ማደንዘዝ መረዳዳት አይባልም። እንዲሁም ባልንጀራ ዳኛ አይደለም፤ «ጥፋተኛ ነህ» ብሎ አይኰንንም፣ «ምንም አላደረግህም» ብሎም በሐሰት አያጽናናም። የእርሱ ድርሻ «እኔም እዚያ ነበርሁ፤ እሰማሃለሁ» ማለት ነው። ኅሊናው የከበደውን ወደ ንስሓ አባቱ፣ እንቅልፍ ያጣውን፣ ይልቁንም ሞትን የሚመኘውን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይዞት ይሄዳል። የቆሰለ ወታደር ሌላውን ቁስለኛ ደግፎ እስከ ሕክምናው ድንኳን ያደርስ የለምን? ይህም እንደዚያው ነው።

ለዚህ አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያሻንም። ዕድራችንና ማኅበራችን፣ የጎረቤት ቡናም ሳይቀር፣ ኀዘንተኛን ብቻውን አለመተውን ሲያስተምሩን ኖረዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን? ያልዘመትነውም ብንሆን ከዕዳው ነፃ አይደለንም። «ስንት ገደልህ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «እንዴት አደርህ?» ብለን መልሱን በትዕግሥት ብንሰማ ከሸክሙ አንዲት ሎሚ አነሣን ማለት ነው።

ስለዚህ ግዴታው የሚያበቃው ሰላም ሲፈረም አይደለም፤ የመጨረሻው ቁስለኛ ቤቱ ሲገባ ነው። በአካል ቤቱ ገብቶ በልቡ ግን ገና ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ወንድም በየመንደራችን አለ። ትተነው አንሂድ።