ምግብን መቍጠር ራስን መግዛት ነውን?

አንዲት ወጣት በአያቷ ማዕድ የቀረበላትን ጕርሻ «ስንት ካሎሪ እንዳለው አላውቅም» ብላ እንደ መለሰች፣ አያቷም እጃቸውን እንደ ዘረጉ እንደ ቀሩ አጫወተችኝ። (የነገረችኝ በኑዛዜ አይደለም፤ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች።) «አባ፣ ኃጢአት ነው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኋት። ዛሬም እንዲሁ እላለሁ፤ ነገር ግን መልሴ ችኩል ነበር።

ካሎሪ የሙቀት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልበር አትዋተር፣ ሰው ገብቶ ለቀናት በሚቀመጥበት የታሸገ ክፍል ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስኳር 4 ካሎሪ ያህል ይሰጣል የሚለው ስሌት ከእርሱ ጥናት የተገኘ ነው። ሐኪሟ ሉሉ ሀንት ፒተርስ ደግሞ በ1918 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሒሳብ ወደ ማዕድ አመጣችው፤ አንባቢዎቿ «አንድ ቍራሽ ዳቦ» ማለትን ትተው «መቶ ካሎሪ ዳቦ» እንዲሉ አስተማረች። ነገሩ በራሱ ነውር የለበትም። የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ቢቈጥር ማን ይነቅፈዋል?

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጉዳዩን ለይቶ አስቀምጦታል። የምግብን መጠንና ዓይነት ለጤና መወሰን የሕክምና ሥራ ነው፤ ከመብል የመታቀብ ምግባር ግን ልብ ወደ ምግብ ያለውን ዝንባሌ ይመለከታል ይላል። ከታላቁ ጎርጎርዮስ ተቀብሎም ሆዳምነትን በአምስት ይከፍላል፤ ያለ ጊዜው መብላት፣ ውድ ምግብ መሻት፣ ከመጠን ማለፍ፣ መስገብገብ፣ በመጨረሻም ስለ ምግቡ አዘገጃጀት ያለ ልክ መጠበብ። ቅዱሱ በዚህ በአምስተኛው ያሰበው የጣዕም ጥበብን ነው። እኔ ግን ሳነበው፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሐሳቡ በምግብ የተሞላው ሰው ይታወሰኛል። እርሱን ሆዳም ብሎ የሚጠራው የለም፤ እንዲያውም ጾመኛ ይመስለናል።

ይሁንና ለመፍረድ አልቸኵልም። በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንሴል ኪስ መሪነት፣ ጦር መሣሪያ ማንሣትን በኅሊናቸው የተቃወሙ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ተርበው ነበር። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡትን የአውሮፓ ሰዎች እንዴት መልሶ ማገገም እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ለስድስት ወር ያህል በቀን ከ1,600 ካሎሪ ያነሰ ይመገባሉ፤ በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳሉ። ውሎ ሲያድር ጨዋታቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ማንበብ ያዙ፤ ሳህን የሚልሱም ነበሩ። የተነሡበት ዓላማ በጎ ነበር፤ ኅሊናቸውም የጸና ነበር፤ ቢሆንም ራብ ሐሳባቸውን ማረከው። እንግዲህ ወጣቷን በከንቱ ውዳሴ ወይም በስስት ብቻ እንዴት እከሳታለሁ?

ኋላ ስንገናኝ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ቍጥሩን ከጻፍሽ በኋላ ምግቡን ትረሺዋለሽ?» ጥቂት ዝም አለችና «ሌሊትም እደምራለሁ» አለችኝ።

መቍጠሩ ከምግብ ሐሳብ ነጻ ቢያወጣት ኖሮ የምለው አልነበረኝም። ሐኪም ዘንድ እንድትሄድና የሌሊቱንም ነገር ሳትሸሽግ እንድትነግረው መከርኋት። ሐኪሙ ካልከለከላትም እሑድ ወደ አያቷ ስትሄድ ደብተሩን ቤት ትታው እንድትሄድ ነገርኋት፤ ከአንድ መሶብ አብሮ የሚበላ ሰው የድርሻውን ልክ ቢሻ እንኳ አያገኘውምና።